ከ“ሀ” በፊት ባጃጅ ይሳሉ

ይድረስ፦ በድሬዳዋ ለምትገኙ የትምህርት ኃላፊዎች፣ ለኬጂ ርዕሳነ መምህራንና መምህራን
ግልባጭ፦ ኬጂ የሚማር ልጅ ላለው ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። የባነር ማተሚያው ሳይመጣ በፊት የከዚራንና የመጋላን ሱቆች ስም በብሩሽ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነኝ። አሁን ሥራው ቀዝቅዟል። ሰው የሚፈልገው ፎቶ ያለበት ባነር ነው። አልፎ አልፎ የባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ፣ የጊቢ በር ላይ “መኪና ማቆም ክልክል ነው” እጽፋለሁ። የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። ግን ከሃያ ዓመት በላይ ከፊደል ጋር የታገልኩት በእጄ ነውና ስለ እጅ የምለው ነገር አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ነው። አምና ኬጂ ስናስገባት አራት ዓመቷ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ ጋ ያለው ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ መጥራቱም አይጠቅምም። በሁለተኛው ሳምንት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። “ሀ”ን ሁለት ገጽ ሙሉ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ዳር ተቀመጠች። እርሳሱን እንደ ዘነዘና በጡጫዋ ጨብጣዋለች። አውራ ጣቷ በሌሎቹ ጣቶች ላይ ተጠምጥሟል፣ ጥፍሯ ከመጫኗ ብዛት ነጥቷል። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። መዳፏ አልቦት ወረቀቱ ይጣበቅባታል፤ እጇን ስታነሳ ገጹም አብሮ ይነሳል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያሉት ደህና “ሀ” ይመስላሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ ጎድጓዳው ጠፍቶ መንጠቆ ሆነ። ስድስተኛው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ቀደደው።

“አባዬ፣ እጄን ደከመኝ” አለችኝ።

እናቷ ከጓዳ “አቦ ልጅ እኮ ናት፣ ተዋት!” አለች።

እንዴት ልተዋት? ያልሞላ ደብተር ነገ በቀይ እስክሪብቶ ይመለሳል። እውነቱን ልናገርና ሁለተኛውን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በግራ እጄ፣ ሆን ብዬ እያጣመምኩ። በማግስቱ “ጎበዝ” ተብዬ ኮከብ ተሳለልኝ። ሃያ ዓመት ታፔላ ስጽፍ ኮከብ የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሆነውን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። እኔ የሱቅ ስም ከመቀባቴ በፊት ንድፉን የማወጣው በጠመኔ ነው። ከኪሴ የወደቀች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ስባሪ ጠመኔ አገኘችና የቆርቆሮ በራችን ላይ ባጃጅ ሳለች። መጀመሪያ ከላይ አንድ ትልቅ ጎባጣ፤ ክንዷን ከትከሻዋ አንስታ ነው ያዞረችው። ከዚያ ሦስት ጎማ። ሁለቱ ክቦች ጫፍና ጫፋቸው ገጥሟል። ሦስተኛው አልገጠመላትም፤ በእጇ ጠርጋ ደገመችው። ማንም ድገሚ ሳይላት! ጠጋ ብዬ እጇን ሳይ ያ ጡጫ የለም። ጠመኔዋ ትንሽ ስለሆነች በሦስት ጣቷ ነው የያዘቻት። ሹፌሩን ከጎማው አሳንሳ ሠራችውና “ይሄ አንተ ነህ” አለችኝ።

“ሀ” ያቃተው እጅ ክብ ዘጋ። እጇ ሰነፍ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ተራው ሳይደርስ ነው ሥራ የተሰጠው።

ከዚያ ወዲህ መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም የሰፈር ልጆች ጊቢያችን ውስጥ ይስላሉ። ልጆች ቅርጽ አስመስለው መሥራት የሚችሉበት ቅደም ተከተል አለው። ዕድሜው ከልጅ ልጅ ትንሽ ይለያያል እንጂ ተራው ብዙ አይዛባም። ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ይሠራሉ። ከዚያ አግዳሚው ይመጣል። ሦስት ዓመት ላይ ክብ። አራት ዓመት ሲሞላቸው ሁለት መስመር አቋርጠው መስቀለኛ ያደርጋሉ። አራት ማዕዘን ከዚያ በኋላ ነው። የሚያስቸግረው ያዘመመ መስመር ነው፤ ሦስት ማዕዘን ብዙ ልጅ ጋ የሚመጣው አምስት ዓመት አካባቢ ነው።

በድሬ ቋንቋ ልበለው። መጀመሪያ ሐዲድ ይሳላል፤ ሁለት ረጃጅም መስመር፣ በመሐሉ አጫጭር አግዳሚ። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ሐዲድ መሳል ለልጆቿ ይገባል። ቀጥሎ የባጃጅ ጎማ። ቀጥሎ መስኮት ከነመስቀለኛው። ሳምቡሳ መጨረሻ ላይ ነው። ሳምቡሳ መብላት በአንድ ዓመት ይቻላል፣ መሳል ግን አምስት ዓመት ይጠብቃል። ብርቱካን ከሳምቡሳ በፊት የሚሳለው ለዚህ ነው።

አሁን ፊደላችንን በዚህ ዓይን እዩልኝ። እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

“ዐ” ክብ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። የሦስት ዓመት ልጅ ባጃጁን ሲስል እየጻፈው ነው። በፊደል ገበታው ላይ ግን ከ33ቱ 20ኛ ነው። “ተ” መስቀለኛ ነው፤ 11ኛ። “በ” ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ያለው በር ነው፤ 10ኛ። ሁለተኛ ሆኖ የሚመጣው ማነው? “ለ”። ሁለት ያዘመሙ እግሮች አናት ላይ የሚገናኙበት፣ የሳምቡሳው ዘመድ። ሦስተኛው ባለሦስት እግሩ “ሐ” ነው። አራተኛው “መ” ነው፤ ሁለት ክብ ጎን ለጎን የተጣበቁበት። እኔ ራሴ ታፔላ ላይ “መ” ሲመጣ ትንፋሼን ያዝ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ቅጥያዎቹ ደግሞ አሉ። “ቡ” ከ“ቢ” የሚለየው በአንዲት አጭር ጭረት ናት። አንዱ ጋ ወገቡ ላይ፣ አንዱ ጋ እግሩ ሥር። “ቤ” እግሩ ላይ ጤፍ የምታህል ቀለበት አለችው። ይህን ለመሥራት እርሳሱን ሚሊ ሜትር አንቀሳቅሶ ማቆም ያስፈልጋል። ከትከሻው የሚጽፍ ልጅ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ሲሞክር ጭረቷ ከመስመሩ ወጥታ ሌላ ፊደል ላይ ትጋጫለች። እኛም “ተጠንቀቅ!” እንለዋለን። ሕፃኑ እኮ ተጠንቅቋል።

ሀሁ በአፍ ይቅር ማለቴ አይደለም። በአፍ 231ዱንም ያዚሙት፣ ገበታውን በጣታቸው እየነኩ ይቁጠሩት። አባቶቻችን የቆሎ ተማሪውን መጀመሪያ ያስቆጥሩት እንጂ ቀለም በጥብጠህ ብራና ላይ ጻፍ አላሉትም። ቁም ጽሕፈት ኋላ የሚመጣ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። የእኔ ልመና የአፍ ተራና የእጅ ተራ እንዲለያዩ ነው። በአፍ ከ“ሀ” ይጀመር፣ በእጅ ከሐዲድና ከጎማ ይጀመር።

ለድሬ ደግሞ ይህ ነገር ከሌላው ከተማ ይበልጥ ይጠቅማታል። የኛ ሰፈር ልጅ ጠዋት ፊደል ወይም ቁቤ ይማራል። ከሰዓት መድረሳ ሄዶ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። የሶማሊኛው ክፍል በላቲን ነው። ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ለአንድ ትንሽ እጅ! ሦስቱም ግን የተሠሩት ከአንድ ዕቃ ነው። አሊፍ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የዐረብኛው “ባ” ከሥሩ ነጥብ ያለበት ሳህን ነው። የላቲኑ “ኦ” እና የኛ “ዐ” ያው ጎማ ናቸው። መስመር፣ ክብ፣ ጎባጣና ዝማሜ በደንብ የሳለ ልጅ የትኛውም በር ይከፈትለታል። አንዱን ጽሕፈት ብቻ ሲገለብጥ የዋለ ልጅ ግን ሌላው ጋ እንደገና ከባዶ ይጀምራል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የተዛወሩ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሲቸገሩ ስላየሁ ነው የምላችሁ።

እጁ ለምን ቶሎ እንደሚደክም የገባኝ ደግሞ ስለ አንጓ ሳነብ ነው። የእጃችን አንጓ ውስጥ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉ። ሕፃን ሲወለድ እነዚህ አጥንት አልሆኑም፣ ለስላሳ ልምአጥንት ናቸው። አንድ በአንድ ነው የሚጠነክሩት። የመጨረሻው አጥንት የሚሆነው ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጉልበትም ከመሐል ወደ ጫፍ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ትከሻ፣ ከዚያ ክርን፣ ከዚያ አንጓ፣ መጨረሻ ጣት። የአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ቦታ ላይ ሲስል በጎለመሰው በኩል ይሠራል። ጠባብ መስመር ስንሰጠው ገና ባልደረሰው በኩል እንዲሠራ እናስገድደዋለን። ያን ጊዜ ጣቱ ያልያዘውን በጡጫው ይይዘዋል። ጡጫው ልማድ ከሆነ በኋላ ማስተው ከባድ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ደርሰው እርሳስ እንደ ዱላ የሚይዙ ልጆች ጊቢዬ ውስጥ አሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ጋ የሠራውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ የረዳኝ ግድግዳ ነው። ጠረጴዛ ላይ አንጓ ይተኛል። ግድግዳ ላይ ግን ወደ ኋላ ቀና ይላል፣ ትከሻም ይሠራል፣ ጣቶች በራሳቸው ይሰበሰባሉ። ልጁ ቆሞ፣ ክንዱን አንስቶ ሲስል ሳያውቀው እጁን እያጠነከረ ነው። ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ 1 ሜትር ከ20 ያለውን ግድግዳ ጥቁር መቀባት ነው። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ እንዳይሆን፤ ጠመኔ ይንሸራተትበታል። ጥላ ያለበት ግድግዳ ይመረጥ። ብዙ ጊቢ ውስጥ የኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር የሚያስቅ ነው። እርሳሱን ስበሩት። አዎ፣ አንዱን እርሳስ ሦስት ቦታ ቁረጡና ቅረጹት። ረጅም እርሳስ ለጡጫ ቦታ አለው፤ አጭር እርሳስ የለውም። በሦስት ጣት ከመያዝ በቀር ምርጫ አይኖረውም። ለሠላሳ ልጅ አሥር እርሳስ በቃ ማለት ነው። በትምህርት ዘርፍ ወጪ ቀንሶ ጥቅም የሚጨምር ሐሳብ ስትሰሙ ይህ የመጀመሪያችሁ ሳይሆን አይቀርም።

ለትልልቆቹ አንድ ፍሬ ሽምብራ በትንሿና በቀለበት ጣት መሐል መዳፋቸው ውስጥ አስይዣቸው በቀሩት ሦስት ጣቶች እንዲስሉ አደርጋለሁ። ሁለቱ ጣቶች ሥራ ስላላቸው እርሳሱን አይሻሙም። ትንንሾቹ አጠገብ ግን እንዳታደርጉት፤ አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል። ደርሶብኛል።

ወንበርም አለ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሰውነቱ ስለሚዋልል እጁ አይረጋም። ሥሩ ካርቶን ወይም ጡብ ብታስቀምጡለት በዚያው ደቂቃ ጽሕፈቱ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ሌላው አሸዋ ነው። ከደቻቱ ወንዝ የተዛቀ አሸዋ በሰፊ ትሪ ላይ አሰጥቼ በጣታቸው ይስሉበታል። ስህተት ቢሠሩ ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው። በድሬ ሙቀት ወረቀት ከሚጣበቅበት እጅ ይልቅ አሸዋ የነካ እጅ ይሻላል። ወንዙ ዳር ሄዳችሁ ሳሉ ግን አልላቸውም። የ1998ቱን የሐምሌ ሌሊት ጎርፍ ያየን ሰዎች ደረቅ ደቻቱን አናምነውም።

የቀረው ቤት ውስጥ ያለ ነው። ብይ መንደል፣ ቅልብልቦሽ መጫወት፣ ምስር መልቀም፣ ሊጥ ማድቦልቦል። ጎረቤታችን ያሉት የሐረሯ እናታችን ስፌት ሲሰፉ ወስፌውን የሚይዙበትን እዩ፤ ሦስት ጣት ነው። የያዝነው ጉርሻም በሦስት ጣት ነው የሚጠቀለለው። ይህ ሁሉ ያለው ልጅ ስልክ ተሰጥቶት በአንድ ጣት ሲያንሸራትት ይውላል። እሱን ወላጆች ነን የምንጠየቅበት።

ስለ ግራ እጅ አንድ ነገር ልጨምር። ግራኝ ልጅ ሲያጋጥም እርሳሱን ነጥቆ ወደ ቀኝ ማዛወር እስከ ዛሬ አለ። በቀኝ እጅ መብላት የባህልም የሃይማኖትም ጉዳይ ነው፤ እሱን እቤቱ ያስተምሩት፣ እኔ አልገባበትም። እርሳሱን ግን ተዉለት። ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዘንብሉለት፣ ልጁንም ከጓደኛው በስተግራ በኩል አስቀምጡት፤ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር እንዳይጋጭ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አንድ መምህርት ይህን ሁሉ ስነግራት እንዲህ አለችኝ። “ልክ ነህ፣ እኛም እናውቀዋለን። ግን ደብተሩ ካልሞላ ወላጅ ‘ከፍዬ ምን ተማረልኝ?’ ይላል።” እውነቷን ነው። ሥዕል ለወላጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሁለት ገጽ “ሀ” ደግሞ ትምህርት ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ በራሴ እጅ ሞልቼ እስካየው ድረስ። ስለዚህ ጥፋቱን መምህራን ላይ ብቻ አልጥልም። ይህን ልማድ አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ከቀየረ ተማሪ ይሸሸዋል። ለሁሉም እኩል የሚሆነው ከላይ ሲመጣ ነው።

የምለምነው ይኸውና። አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ገጽ ሙሉ ፊደል የመገልበጥ የቤት ሥራ ይቅር። በምትኩ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሥዕል ጊዜ ይኑር። ሥዕል ስል ታትሞ የመጣ ፖም መስመሩን ሳይወጡ ቀለም መቀባት ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ፖም በልተው አያውቁም። ዘይቱን፣ ጊሽጣ፣ ግመል፣ ባጃጅ፣ የራሳቸውን በር ይሳሉ። ከባዶ፣ በራሳቸው። ኬጂ ለመግባት የአራት ዓመት ልጅ ስሙን በእርሳስ ጽፎ እንዲፈተን የሚያደርጉም አሉ፤ እሱም ይታይልኝ። እርሳስ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ቅበላ ቀን በር ላይ ቆሞ ማየት ነው። ለወላጅም በሴሚስተር አንድ ቀን የሥዕል ግድግዳው ይታይ። መስከረም ላይ ልጁ የሳለው ክብ አጠገብ ጥር ላይ የሳለው ይለጠፍ። ወላጅ ዓይን አለው፤ ያያል።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁና ላብቃ። ከከተማችን በስተደቡብ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች ከዚያ ከ4,000 በላይ ቁርጥራጭ ቀይ አፈር አውጥተዋል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ከ40,000 ዓመት አካባቢ በፊት ሰዎች እየፈጩና እየፋቁ ቀለም ያወጡበት ነበር። ለገ ኦዳ በሚባለው ቦታ ደግሞ ዓለቱ ላይ የተሳሉ ከብቶችና ሰዎች አሉ። ስባሪ ቀለም በጣት ይዞ ግድግዳ ላይ መሳል በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ልጄ የቆርቆሮ በራችን ላይ ስትስል መጀመሪያ ልቆጣት ነበር፤ በሩን ገና በፋሲካ ነው የቀባሁት።

እኔ በበኩሌ ብሩሽ አለኝ። ማንኛውም የመንግሥት ኬጂ ጥቁር ቀለሙን ብቻ ይግዛ፤ ግድግዳውን እኔ ያለ ክፍያ እቀባለሁ። እሁድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እመቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ቀለሙን ቶሎ ያደርቀዋል፣ እኔንም አይምረኝም። ሁለት ዙር ስለሚፈልግ ሁለት እሁድ ይወስዳል። ለሙከራ ሦስት ትምህርት ቤት ብትመርጡ ከጥምቀት በፊት እንጨርሰዋለን። ጠመኔውን ግን በሙሉ ስበሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የከዚራው ታፔላ ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ